ጥቁር ቸኮሌት ለደም ግፊት፦ ከካካዋው ፍሬ እስከ ጎንደር ሱቅ መደርደሪያ

ጥር ሲገባ ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች። ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል፣ ከአውሮፓ ለጥምቀት የሚመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲከፍት ከልብሱና ከሽቶው ጋር ቸኮሌት አይታጣም። ቀድሞ ቸኮሌት የልጆች ድርሻ ነበር። አሁን አሁን ለእናትና ለአባትም ተለይቶ ይመጣል፦ «እምዬ፣ ይኸኛው ጥቁሩ ያንቺ ነው፤ ለደም ብዛት ፍቱን ነው ይሉታል።» በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዘዋወሩት አጫጭር መልእክቶችም ይህንኑ ያጸናሉ። ጥቁር ቸኮሌት ግፊት ያወርዳል፣ ልብ ይጠብቃል፣ ደም ይሞላል፣ ውፍረት ይቀንሳል፣ ከስኳር በሽታ ያድናል እየተባለ ይነገራል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነትነት ያለው ነገር አለ፤ ያውም ለብዙ ዓመታት በጥንቃቄ የተጠና። ነገር ግን ጥናቱ የመሰከረው በካካዋ ፍሬ ውስጥ ላሉ የተወሰኑ ንጥረ ነገሮች እንጂ በፒያሳ ሱቆች ከማስቲካውና ከብስኩቱ ጎን ለተደረደረው ጣፋጭ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰው ከሚገምተው እጅግ ይሰፋል። በየቀኑ የግፊት ክኒን መዋጥ ያለባት እናት ይህን ልዩነት ሳታውቅ ብትቀር የምትጎዳው በጤናዋ ነው፤ ጽሑፉን ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

ወሬው ከየት መጣ?

በፓናማ የካሪቢያን ዳርቻ፣ በሳን ብላስ ደሴቶች፣ ኩና የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ይኖራሉ። የሃርቫርዱ ሐኪም ኖርማን ሆለንበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እነዚህን ሰዎች ሲያጠኑ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። በአብዛኛው ዓለም ዕድሜ ሲገፋ የደም ግፊትም አብሮ ይጨምራል፤ የደሴቶቹ ነዋሪዎች ግን አርጅተውም ግፊታቸው አልጨመረም። ጨው ስለማይበሉ ነው እንዳይባል፣ ጨው አይቆጥቡም። በዘር የወረሱት ነው እንዳይባል፣ ወደ ፓናማ ከተማ የፈለሱት ወገኖቻቸውን እንደማንኛውም የከተማ ሰው ግፊት ይይዛቸዋል። ልዩነቱ ሲፈተሽ ከተገኙት ነገሮች አንዱ የደሴቶቹ ሰዎች በየቀኑ በብዛት የሚጠጡት የካካዋ መጠጥ ነበር። ዓሣውም፣ ፍራፍሬውም፣ ከከተማ ሩጫ የራቀ ኑሮውም ስላለ ሁሉንም ለካካዋው መስጠት አይቻልም። ተመራማሪዎቹን ወደ ቤተ ሙከራ የመራቸው ግን ይህ መጠጥ ነው።

በዚያም ፍላቫኖል የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ተለዩ፤ ከእነሱ መካከል በይበልጥ የተጠናው ኤፒካቴቺን ነው። የደም ቧንቧችን የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ያለውን ጡንቻ ያላላል፤ ጡንቻው ሲላላ ቧንቧው ይሰፋል፣ ደሙም ያለ ብዙ ጫና ያልፋል። ዕድሜ፣ ሲጋራና የስኳር በሽታ ይህን አቅም ያደክሙታል፣ ኤፒካቴቺን ደግሞ ያግዘዋል። ይህ በወሬ የቀረ ነገር አይደለም። ፍላቫኖል የበዛበት ካካዋ ከጠጣ ሰው ክንድ ላይ፣ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ፣ የደም ቧንቧው መስፋት በአልትራሳውንድ ተለክቷል።

ስንት ያወርዳል?

ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት መስፋቱ አንድ ነገር ነው፤ የበሽተኛ ግፊት ወርዶ መቆየቱ ሌላ ነው። የሕክምና ማስረጃዎችን በመመዘን የታወቀው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምገማ 35 ሙከራዎችን አንድ ላይ አየ፤ የተሳተፉት ሰዎች ከ1,800 በላይ ነበሩ። ካካዋ የወሰዱት ሰዎች የላይኛውም የታችኛውም የግፊት ቁጥር በአማካይ በ1.8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ቀነሰ (ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው፤ ከዚህ በታች «ነጥብ» የምለው ይህንኑ ነው)። ግፊታቸው ቀድሞም ከፍ ባለ ሰዎች ላይ ቅናሹ ጠንከር ይላል። ሙከራዎቹ ግን አብዛኞቹ ከጥቂት ሳምንታት ያልዘለሉ ናቸው፤ የተሰጠውም ፍላቫኖሉ ተለክቶ የተዘጋጀ ካካዋ ነው።

ይህን 1.8 የተባለ ቁጥር ከሌሎች ሁለት ቁጥሮች ጋር አስተያዩት። በቀን የሚበላውን ጨው በ4.4 ግራም ገደማ የቀነሱ ሰዎች የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ4 ነጥብ ያህል እንደወረደ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ የኮክሬን ግምገማ አሳይቷል። አንድ የተለመደ የግፊት መድኃኒት፣ አምሎዲፒን ወይም ኢናላፕሪል ይሁን፣ በመደበኛ መጠኑ ሲወሰድ የላይኛውን ግፊት በአማካይ 9 ነጥብ ገደማ ያወርዳል። ከሦስቱ ትንሹ የካካዋው ነው፤ በዋጋ ግን ውዱ እሱ ነው። ጨው መቀነስ ደግሞ ወጪ የለውም።

የጨውን ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ይላል። ጨው በብዙ የጎንደር ቤት የሚገባው ምግቡ ምጣድ ወይም ድስት ላይ ሲወጣ ብቻ አይደለም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሚጥሚጣውም እንዲሁ። ሽሮው በተዘጋጀ ጊዜ በርበሬና ጨው ከገባበት፣ ሲሠራ እንደገና ጨው ይጨመርበታል፣ ከጎኑ የሚቀርበው ድልህም የራሱ ጨው አለው። ስለዚህ «እኔ ወጥ ላይ ጨው አላበዛም» የሚል ሰው ሳያውቀው ከሁለትና ከሦስት ቦታ ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው፤ ይህም በርበሬው፣ ሽሮውና ዳቦው ውስጥ ያለውን ሁሉ ቆጥሮ ነው። ለደም ብዛት ብሎ ቸኮሌት የሚገዛ ቤተሰብ በቀጣዩ ዓመት በርበሬ ሲያዘጋጅ ጨው ሳይቀላቀልበት ቢያስቀር ለእናቱ የሚያስገኘው ጥቅም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ትልቁ ሙከራ

በዚህ ጉዳይ እስካሁን ከተደረጉት ሙከራዎች በስፋቱ የሚጠቀሰው ኮስሞስ የሚባለው ነው። በአሜሪካ 21,442 ሰዎች ተመዘገቡ፤ ወንዶቹ 60 ዓመት የሞላቸው፣ ሴቶቹ 65 ዓመት የሞላቸው ነበሩ። በዕጣ ተለይተው እኩሌቶቹ በየቀኑ 500 ሚሊ ግራም የካካዋ ፍላቫኖል ያለው እንክብል፣ እኩሌቶቹ መልኩ ያንኑ የሚመስል ባዶ እንክብል ወሰዱ። ክትትሉ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ቆየ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። ጥናቱ በዋናነት የጠየቀው ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክና መሰል አደጋዎች በድምሩ ይቀንሳሉ ወይ የሚል ነበር። ቅናሽ ታይቷል፤ ነገር ግን በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ለማለት የሚያበቃ አልነበረም። ከልብና ከደም ቧንቧ በሽታ የተነሳ ሞት ብቻውን ሲታይ ግን ካካዋውን በወሰዱት ዘንድ በ27 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

በዜና የተራገበው 27 በመቶው ነው፤ ዋናው ጥያቄ ያላገኘውን መልስ ያነሳው ጥቂት ነበር። አንድ ጥናት በዋና ጥያቄው ላይ ቁርጥ ያለ መልስ ሳያገኝ ከጎን ያየው ነገር ሲያምር፣ ያ ያማረው ነገር በሌላ ሙከራ መረጋገጥ አለበት፤ በሕክምና የቆየ ደንብ ነው። ሙከራውን በገንዘብ ከደገፉት አንዱ ማርስ የተባለው የቸኮሌት ኩባንያ መሆኑንም አንባቢ ማወቅ አለበት። ይህ ብቻውን ውጤቱን ውድቅ አያደርገውም፤ ዕጣውም ንጽጽሩም በሥርዓት የተሠራ ነው። የተሰጠው ግን እንክብል ነው። ስኳር የለውም፣ ስብ የለውም፣ ቸኮሌት አይደለም።

በፋብሪካው ውስጥ ምን ይሆናል?

ጥሬው የካካዋ ፍሬ መራራ ነው፤ ምሬቱ በከፊል ከራሱ ከፍላቫኖሉ የመጣ ነው። ፍሬው ከዛፉ ወርዶ ለቀናት ይብላላል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ወደ ፋብሪካ ሄዶ ይቆላል። በየደረጃው ፍላቫኖሉ ይቀንሳል። ብዙውን የሚያጠፋው ግን ካካዋው በአልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ንጥረ ነገር፣ ሲታከም ነው። ዘዴው ቫን ሁተን ከሚባሉ የሆላንድ ባለፋብሪካዎች ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው፤ ዱቄቱን ያጠቁረዋል፣ ምሬቱን ይሰብራል፣ በውሃ ውስጥ በቀላሉ እንዲበተን ያደርገዋል። ፍላቫኖሉም አብሮ ይሄዳል፤ ቀለል ያለ የአልካላይ ሕክምና እንኳ ከግማሽ በላይ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ የቸኮሌት ጥቁረት የፍላቫኖሉ መለኪያ አይደለም። አንዳንዴ በጣም የጠቆረው ዱቄት ከሁሉም ይልቅ ፍላቫኖሉ የታጠበው ነው። «70 በመቶ ካካዋ» የሚለው ጽሑፍም የሚናገረው ከካካዋ ፍሬ የመጣውን የዱቄትና የስብ ድምር እንጂ ስንት ፍላቫኖል እንደተረፈው አይደለም።

አሁን በከተማው ሱቆች በብዛት ከሚሸጡት ርካሽ ቸኮሌቶች አንዱን አንስታችሁ ጀርባውን አንብቡ። የምግብ ዝርዝር የሚጻፈው በክብደቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ ያለው ይቀድማል። መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር ነው። ቀጥሎ ፓልም ዘይት ወይም ሌላ የአትክልት ስብ ይመጣል። ከዚያ የአጓት ዱቄት፤ ያው አይብ ሲወጣ የሚተርፈው፣ ደርቆ የተፈጨ። ካካዋው ከነዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከቫኒላው በፊት ይገኛል፤ መጠኑ በመቶኛ ከተጻፈም ብዙ ጊዜ ከአሥር አይበልጥም። የተሸፈነ ብስኩትና ዋፈር ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህን በልቶ የካካዋን ጥቅም መጠበቅ ከንቱ ነው። ነጭ ቸኮሌት የሚባለው ጭራሽ የካካዋ ዱቄት የለውም፤ ያለው ስቡ ብቻ ነው።

የዓለም ገበያም ነገሩን አባብሶታል። ከዓለም ካካዋ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና ነው። በሁለቱ ሀገሮች የአየር መዛባትና የዛፍ በሽታ ምርቱን ስለጎዱት እ.ኤ.አ. በ2024 የአንድ ቶን ካካዋ ዋጋ ከ10,000 ዶላር አለፈ፤ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ከ2,000 እስከ 3,000 ዶላር አካባቢ ነበር። ጥሬ ዕቃው ሲወደድ አምራቾች ካካዋውን ቀንሰው ስቡንና ስኳሩን መጨመራቸው የሚጠበቅ ነው፤ ብዙዎቹም አድርገውታል።

ተቆጣጣሪዎቹም የሚሉት ከማስታወቂያው በጣም የተቆጠበ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 ማስረጃ አለው ብሎ የተቀበለው አባባል በቀን 200 ሚሊ ግራም የካካዋ ፍላቫኖል የደም ቧንቧ እንዲለጠጥ ይረዳል የሚል ነው፤ ይህም ፍላቫኖሉ እንዲቆይ ተደርጎ በተለየ ዘዴ ከተዘጋጀ 2.5 ግራም ዱቄት ወይም 10 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ይገኛል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ለልብ ጤና የሚል ጽሑፍ ሲፈቅድ ማስረጃው በጣም ውስን መሆኑ አብሮ እንዲጻፍ አዘዘ፤ ፈቃዱም ቢያንስ 4 በመቶ ፍላቫኖል ላለው ዱቄት ብቻ ነው፤ ተራውን የካካዋ ዱቄትና ቸኮሌት አይመለከትም።

የቀሩት አባባሎች

«ያከሳል» የሚለው ወሬ የተሠራበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ከባልደረቦቹ ጋር ሆን ብሎ ደካማ ሙከራ ሠራ፤ ጥቂት ሰዎች ላይ ብዙ ነገር ለካ፣ ከብዙው አንዱ በአጋጣሚ መውጣቱ እንደማይቀር እያወቀ። ቸኮሌት ክብደት መቀነስን ያፋጥናል የሚል ጽሑፍ በመጽሔት አሳተመ፤ ጋዜጦችም ሳይጠይቁ ለዓለም በተኑት። በኋላ ራሱ አጋለጠው። ማጋለጫውን ያነበበው ግን የመጀመሪያውን ወሬ ከሰማው ጋር አይተካከልም። 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት 600 ካሎሪ ገደማ አለው።

የስኳር በሽታን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በሳምንት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ጥቁር ቸኮሌት የሚበሉ ሰዎች በዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ21 በመቶ ያነሰ ሆኖ እንዳገኘው ዘግቧል፤ የወተት ቸኮሌት ይህ አልታየበትም፣ ይልቁንም ከክብደት መጨመር ጋር ተያይዟል። ይህ ሰዎች የሚበሉትን ጠይቆ በመከታተል የተሠራ ጥናት ነው፤ ጥቁር ቸኮሌት የሚመርጥ ሰው በሌላ ነገሩም ጤናውን የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። በዕጣ በተሠራው በኮስሞስ የካካዋ እንክብል የስኳር በሽታን አልቀነሰም። ስኳር ያለበት ሰው «ለስኳር ጥሩ ነው» ተብሎ ቸኮሌት ሲቀርብለት ይህን ሁለተኛውን ያስብ።

«ደም ይሞላል» የሚለው በተለይ ነፍሰ ጡሮችን ስለሚያሳስት ያሳስበኛል። ጥቁር ቸኮሌት በርግጥ ብረት አለው፤ በ100 ግራም 12 ሚሊ ግራም ገደማ። ነገር ግን ፍላቫኖሎቹና መሰሎቻቸው ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት በአንጀት ውስጥ ይዘው እንዳይገባ ያደርጋሉ። ሻይና ቡናም ይህንኑ ያደርጋሉ። ደም ማነስ አለብሽ የተባለች እናት ብረቷን ከቸኮሌት መጠበቅ የለባትም፤ የተሰጣትን የብረት ክኒን ከሻይ፣ ከቡናና ከካካዋ አርቃ በሌላ ሰዓት ትውሰድ። የጨጓራ ሕመምተኛም ይጠንቀቅ፤ ቸኮሌት የጉሮሮ ቧንቧን መዝጊያ ስለሚያላላው ቃርን ያብሳል።

ሌላው ሳይነገር የሚታለፍ ነገር ከባድ ብረቶች ናቸው፤ እነዚህ ደም ከሚሞላው ብረት የተለዩ፣ ጤና የሚጎዱ ናቸው። የካካዋ ዛፍ ካድሚየምን ከአፈር ይስባል፤ እርሳስ ደግሞ ፍሬው ሲደርቅ ከአቧራ ይያዛል። የአሜሪካው የሸማቾች መጽሔት ኮንሲዩመር ሪፖርትስ እ.ኤ.አ. በ2022 ከመረመራቸው 28 ጥቁር ቸኮሌቶች ሁሉም ሁለቱ ብረቶች ተገኙባቸው፤ 23ቱን በየቀኑ 28 ግራም ያህል መብላት ቢያንስ በአንዱ ብረት መጽሔቱ ከተጠቀመበት የጥንቃቄ ልክ ያሳልፋል። አልፎ አልፎ ለሚበላ አዋቂ ይህ አያስፈራም። ግን ጥቁር ቸኮሌትን እንደ መድኃኒት በየቀኑ ለሚበላ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የተለየ ነገር ነው፤ ካካዋው በበዛ ቁጥር ብረቱም ይበዛልና።

ክኒኑ አይቋረጥ

ጎንደር ለጤና ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በሀገራችን የሕዝብ ጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው በዚህች ከተማ ነው፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። የዚያ ትምህርት ዋና ነገር በሽታን አስቀድሞ መከላከል ነበር። የደም ግፊት ደግሞ የሚለካ እንጂ የሚሰማ በሽታ አይደለም። ራስ ምታቱ ስለቀረላት «ድኛለሁ» የምትል እናት ግፊቷ 170 ላይ ሊሆን ይችላል። ቸኮሌት በልታ ቀለል ካላት፣ የቀለላት ከስኳሩና ከካፌኑ ሊሆን ይችላል፤ ልኬቱ ይህን አይቶ አይወርድም። ክኒኑ ሲቆም ግን ግፊቱ ይመለሳል፤ መመለሱ በስትሮክ ሊታወቅም ይችላል። ከውጭ ቸኮሌት ለሚያመጣ ልጅ ብርቱ ምክሬ ይህ ነው፦ ገንዘቡ ካለ ለእናትህ በክንድ የሚታሰር የግፊት መለኪያ አምጣላት፤ ቁጥሩን በደብተር ጽፋ ለክትትል ስትሄድ ለሐኪሟ ታሳይ።

ፍላቫኖሉን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቸኮሌት ብቻ አይደለም ያለው። የአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ለልብና ለስኳር ጤና በቀን ከ400 እስከ 600 ሚሊ ግራም ከዚህ ዓይነት ንጥረ ነገር ከምግብ እንዲገኝ ሲመክር ካካዋን ከሻይ፣ ከፖም፣ ከእንጆሪና ከመሳሰሉት ጋር አብሮ ነው የጠራው። ሻይ በየመንገዱ ዳር አለ። የሚያበላሸው ስኳሩ ነው፤ በሁለትና በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ወደ አንድ፣ ከዚያም ወደ ግማሽ ማውረድ ይችላል። ከምግብ ጋር ሳይሆን ከምግብ አንድ ሰዓት አልፎ ከጠጣው የብረቱም ነገር ይቃለላል።

ቸኮሌቱ ደስ ስለሚል ብቻ ለሚገዛው ሰው ይህ ሁሉ ነገር አይከለክለውም፤ ጥሩ ቸኮሌት ጥሩ ነው። ለጾም የሚፈልገው ዝርዝሩን ያንብብ፤ ጥቁር የተባለውም የወተት ዱቄት ወይም የቅቤ ስብ ሊኖረው ይችላል። የካካዋ ቅቤ የተባለው ከፍሬው የወጣ ስለሆነ አያስፈታም። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣ?» ሲል ሊነገረው የሚገባው ስኳር ያልገባበት፣ በአልካላይ ያልታከመ የካካዋ ዱቄት ነው፤ በዝርዝሩ ላይ «አልካላይ» የሚል ቃል ካለ ይለፈው። ከዱቄቱ አንድ የሻይ ማንኪያ በትኩስ ውሃ ወይም በወተት በጥብጦ ያለ ስኳር መጠጣት ይቻላል፤ መራራ ነው፣ ቡናን ያለ ስኳር ለለመደ ጎንደሬ ግን አይከብድም።